ሃያ ሁለት ሲኒ፣ አንድ ጀበና

እንደምን ከረማችሁ? የዚህን እትም ዓምድ ሙሉውን ለአሮጌ ኮምፒውተር ሰጥቼዋለሁ። አቅጄው አይደለም። ከጎጃም የደረሱኝን ደብዳቤዎች ጠረጴዛ ላይ ስዘረጋቸው፣ ከቢቸናም ከቡሬም ከሞጣም፣ ዞሮ ዞሮ ጥያቄው አንድ ሆኖ አገኘሁት፤ "ከመሥሪያ ቤት የተሰጠን አሮጌ ኮምፒውተር መጋዘን ሞልቷል፣ ምን እናድርገው?" ነው። ገና ይብሳል ብዬም እገምታለሁ። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ መሥሪያ ቤት አዲስ በገዛ ቁጥር አሮጌው የሚላከው ወደ ትምህርት ቤት ነው። ትምህርት ቤት ደግሞ ስጦታ አይመልስም። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ፣ ስምም ትቻለሁ።

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ደረጃ የአይሲቲ መምህር ነኝ። 22 ኮምፒውተር አለን፣ ሁሉም በስጦታ የመጡ ናቸው፤ የሚሠሩት ስድስት ብቻ። 60 ተማሪ ይዤ ስገባ አንድ ኮምፒውተር ላይ አሥር ልጅ ይሆናል። አንዱ ማውዝ ይይዛል፣ ዘጠኙ ማጅራቱን ያያሉ። ከቀሩት የአንዳንዱ ሃርድ ዲስክ ሞቷል፣ አንዳንዱን ቫይረስ ጨርሶታል፣ አንዳንዱ 512 ሜጋ ራም ብቻ ነው ያለው። አንድ ጓደኛዬ "ቲን ክላየንት አድርጋቸው" አለኝ። ምንድን ነው? እኛ ጋ ይሠራል ወይ?
(መምህር፣ ከቢቸና አካባቢ)

መልስ፦ መምህር፣ ይሠራል። ሃያ ሁለቱም ግን አይተርፉም፤ እሱን ቀስ ብለን እንደርስበታለን።

እስከ ዛሬ የኮምፒውተር ክፍልዎ (ላብ የምንለው) ውስጥ እያንዳንዱ ኮምፒውተር የራሱ ጀበና፣ የራሱ ምድጃ፣ የራሱ ከሰል ነበረው። አንዱ ጀበና ሲሰነጠቅ እዚያ ጋ የተቀመጡት ልጆች ሳይጠጡ ይሄዳሉ። በቲን ክላየንት አሠራር ጀበናው አንድ ነው፤ ሰርቨር ይባላል። ሌሎቹ ሲኒ ናቸው። ሲኒ ቡና አያፈላም፣ የተቀዳለትን ይይዛል። ተማሪዋ ኪቦርዱን ስትነካ የነካችው ነገር በኬብል ወደ ሰርቨሩ ይሄዳል። የሚያስበውም የሚያስቀምጠውም ሰርቨሩ ነው። ወደ እሷ የሚመለሰው የስክሪኑ ምስል ብቻ ነው። እሷ ይህን ሁሉ አታውቅም፤ ፊት ለፊቷ ያለው ሳጥን የሚሠራ ነው የሚመስላት።

ስለዚህ ሃርድ ዲስኩ የሞተው ኮምፒውተር ለዚህ ሥራ አልሞተም። ደኅናውንም ሃርድ ዲስክ ብትነቅሉት አይጎዳም፤ ሙቀትና ድምፅ ይቀንሳል፣ መብራትም ትንሽ ይቆጥባል፣ ቫይረስም የሚተኛበት አልጋ ያጣል። ኮምፒውተሩ ሲበራ በዲስክ ፋንታ በኔትወርክ ካርዱ በኩል ይነሳል። ይህ ፒኤክስኢ ይባላል፤ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲበራ ከሁሉ ቀድሞ የሚነሳው ማስተካከያ) ውስጥ ገብታችሁ የኔትወርክ ቡትን ቀዳሚ ማድረግ ነው። ካርዱ ኬብሉ ላይ "ማን አለ?" ብሎ ይጣራል። ሰርቨሩ አድራሻ ይሰጠዋል፣ "ይህን ፋይል አውርድ" ይለዋል፣ እሱም ያወርድና ሊኑክሱ (በዊንዶውስ ፋንታ የሚሠራው ነጻ ሲስተም) ይነሳል። ካርዱ በጣም አሮጌ ሆኖ ይህን ካላወቀ አይፒኤክስኢ የሚባለውን ትንሽ ፕሮግራም ፍላሽ ወይም ሲዲ ላይ ጽፋችሁ በሱ ታስነሱታላችሁ።

ይህን ሁሉ አንድ ላይ ጠቅልሎ የሚሰጥ ነጻ ሶፍትዌር አለ፤ ኤልቲኤስፒ ይባላል፣ ሊኑክስ ተርሚናል ሰርቨር ፕሮጀክት ማለት ነው። ጂም ማክኩዊላን የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1999 ጀመረው። በ2019 ደግሞ አልኪስ ጆርጎፑሎስ የሚባል ግሪካዊ እንደ አዲስ ጻፈው። ልብ ይበሉ፣ አሮጌውና አዲሱ አንድ አይደሉም፤ የአሮጌውን መመሪያ ይዞ አዲሱን የሚጭን ሰው ቀኑን ሙሉ ራሱን ሲያክክ ይውላል። አዲሱ ኮምፒውተሮቹን እንዲሁ ሲኒ ብቻ አያደርጋቸውም። ሙሉውን ሲስተም በኔትወርክ ይልክላቸውና በየራሳቸው ፕሮሰሰርና ራም ያሠራቸዋል፤ የተማሪው ፋይል ብቻ ሰርቨሩ ላይ ይቀመጣል። ለዚህ ቢያንስ 1 ጊጋ ራም ያስፈልጋል፣ 2 ቢሆን ደስ ይላል። 512 ሜጋ ያላቸው በዚህ መንገድ አይሄዱም። እነሱን ትንሽ ሲስተም አስነስታችሁ በሪሞት ዴስክቶፕ (የሰርቨሩን ስክሪን ከሩቅ በሚያሳይ ፕሮግራም) ሰርቨሩ ውስጥ ታስገቧቸዋላችሁ። እውነተኛ ሲኒ የሚሆኑት እነሱ ናቸው። ሁለቱም ዓይነት አንድ ክፍል ውስጥ አብሮ ይኖራል።

ሌላም ነገር አለ። ፔንቲየም 4 ከሚባሉት አሮጌ ፕሮሰሰሮች ብዙዎቹ 32 ቢት ብቻ ናቸው፤ ባለ 64 ቢቱ ሲስተም አይነሳባቸውም። ኮር 2 ዱዎ ከሆኑ ምንም ችግር የለም። ለ32 ቢቶቹ ዴቢያን 12 (ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱ ነው) አሁንም ይሆናል፤ ከዚያ ቀጥሎ የመጣው ዴቢያን 13 ግን 32 ቢት ኮምፒውተር ላይ መጫን አቁሟል።

አሁን ወደ መጋዘኑ እንግባ። አንድ ቅዳሜ ይያዙ፣ ሁለት ቀልጣፋ ተማሪ ይጥሩ፣ ሃያ ሁለቱን ደጅ አውጥታችሁ ክፈቷቸው። አቧራውን በብሩሽ ጥረጉ። የማይነሳና የሚጮኽ ካለ ራሙን ነቅላችሁ ወርቃማውን ጥርስ በእርሳስ ላጲስ አሹት፣ መልሳችሁ አጥብቃችሁ ሰኩት። ይህን ስነግራቸው የሚስቁብኝ ሰዎች አሉ፤ ሞቷል የተባለ ኮምፒውተር በላጲስ ሲነሳ ግን ስንቴ አይቻለሁ። በየቀኑ ሰዓቱን የሚረሳ ከሆነ የሳንቲም ቅርጽ ያላትን ባትሪ፣ ሲአር 2032 የሚባለውን፣ ቀይሩ። ካልቀየራችሁ ባዮሱ የኔትወርክ ቡቱን ይረሳና በየማለዳው እንደገና ማስተካከል ሊኖርባችሁ ነው። ከዚያ ማዘርቦርዱ ላይ የቆሙትን ትንንሽ በርሜሎች ተመልከቱ። አናታቸው ጠፍጣፋ መሆን አለበት። እንደ ድፎ ዳቦ ያበጠ ወይም ቡናማ ነገር ያፈሰሰ ካለ ያንን ለመለዋወጫ አስቀምጡት፣ አትልፉበት። በ2000ዎቹ መጀመሪያ በፈረንጅ አቆጣጠር የተሠሩ ብዙ ቦርዶች በዚህ ነው ያለቁት።

እንደ እኔ ግምት ከሃያ ሁለቱ አሥራ አራት አሥራ አምስት ያህል ይተርፋሉ። ስድስት ከነበረው ጋር ሲተያይ ምን ይላሉ? በአንድ ኮምፒውተር አራት ልጅ ማለት ነው። መጀመሪያ ግን በአምስት ብቻ ይጀምሩ። አምስቱ ሳምንት ሙሉ ሳይረብሹ ከሠሩ ሌላውን ይጨምራሉ።

ጥያቄ፦ ለአራት ላፕቶፕ የሚሆን በጀት ተፈቅዶልናል። መምህራኑ ሰርቨር እንግዛ ይሉኛል። እኔ የምፈራው በፕላዝማ የደረሰብንን ነው። ሰርቨሩ ቢበላሽ ሁሉም ሊቆም አይደል? ኢንተርኔትም የለንም።
(ርእሰ መምህር፣ ከደምበጫ አካባቢ)

መልስ፦ ጥሩ ፍርሃት ነው፤ ፕላዝማን ያየ ሰው ሊፈራ ይገባል። ከ1997 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ትምህርቱ በሳተላይት ሲመጣ ስክሪኑ ከጠፋ መምህሩም ተማሪውም ጥቁር ግድግዳ ሲያዩ ይቀመጡ ነበር። በእኔ አስተያየት የፕላዝማው ችግር ነገሩ ከአንድ ቦታ መምጣቱ አልነበረም። ያ ቦታ ሩቅ መሆኑና ትምህርት ቤቱ ውስጥ የሚነካው ሰው አለመኖሩ ነው። ሰርቨሩ እናንተ ቢሮ አጠገብ ነው፣ ቁልፉም እናንተ ጋ ነው።

ስለዚህ አስተያየቴ ግልጽ ነው፤ ገንዘቡን አንዱ ላይ አውሉት። አራት ላፕቶፕ ከመግዛት አንድ ጠንከር ያለ ዴስክቶፕ፣ 16 ጊጋ ራምና ኤስኤስዲ ያለው፣ አንድ ባለ 24 ቀዳዳ ስዊች (ኬብሎቹ ሁሉ የሚገናኙበት ሳጥን)፣ አንድ ካርቶን ኬብልና አንድ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ የሚይዝ ባትሪ) ግዙ። ላፕቶፕማ መጨረሻው የት እንደሆነ እናውቃለን፤ አንዱ ፋይናንስ ጋ፣ አንዱ እርስዎ ቢሮ (አይቆጡ)፣ ሁለቱ ቁምሳጥን። ሬክ ላይ የሚገባውን እውነተኛ ሰርቨር አትግዙ። ይጮኻል፣ መብራት ይበላል፣ መለዋወጫውም እዚህ አይገኝም።

16 ጊጋ ከየት አመጣህ ካሉኝ፣ ለድሮው ኤልቲኤስፒ የሚነገረው ሂሳብ ለሰርቨሩ ለራሱ 256 ሜጋ፣ ለእያንዳንዱ ተማሪ 192 ሜጋ ነበር። 20 ተማሪ ቢሆን 3,840 ሜጋ፣ ሲደመር 4,096፣ ማለትም 4 ጊጋ። ያ ግን ፋየርፎክስ እንዳሁኑ ሳያብጥ ነው። ዛሬ አንድ ልጅ አራት ገጽ ሲከፍት ያንን 192 ሜጋ ቁርስ ያደርገዋል።

"ቢበላሽስ?" ላሉት፣ ሰርቨሩ ተስተካክሎ ባለቀ ቀን የዲስኩን ሙሉ ቅጂ ሌላ ዲስክ ላይ አስቀምጡ። ከአሮጌዎቹ የተሻለውን አንዱን ደግሞ ተጠባባቂ አድርጉት። ዋናው ቢሞት ቅጂውን ተጠባባቂው ላይ ሰክታችሁ፣ ቀሰስ እያለም ቢሆን፣ በዚያው ቀን ትቀጥላላችሁ። አገር ሙሉ በዚህ ሄዷል እኮ። መቄዶንያ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ለትምህርት ቤቶቿ ወደ 180,000 የተማሪ መቀመጫ ስታዘጋጅ አብዛኛው ራሱን የቻለ ኮምፒውተር አልነበረም፤ አንዱን ኮምፒውተር ብዙ ተማሪ እየተጋራው ነው፣ ሲስተሙም ኤዱቡንቱ የሚባለው ሊኑክስ ነበር። መቄዶንያ ስል አገሪቱን ነው። አሮጌ ስለመጦር እያወራን ስለሆነ ብታምታቱት ግን አልፈርድባችሁም።

ኢንተርኔት የለንም ላሉት፣ አያስፈልግም። ኔትወርክና ኢንተርኔት ሁለት ነገር ናቸው። መጀመሪያ ሲጫን ብቻ አንድ ቦታ ወስዳችሁ ታወርዳላችሁ። ኪዊክስ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፤ ሙሉውን ዊኪፒዲያ ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል። ሰርቨሩ ላይ አንዴ ከተጫነ ሁሉም ተማሪ ያየዋል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ ቡሬ ኮምፒውተር ጥገና ሱቅ አለኝ። ለአንድ ትምህርት ቤት ኤልቲኤስፒ እየሠራሁ ነው። አንዳንዱ "ፒኤክስኢ-ኢ61" ይለኛል፣ አንዳንዱ "ፒኤክስኢ-ኢ53" ይላል፣ ሁለቱ ደግሞ ትናንት ሠርተው ዛሬ እምቢ አሉ። እያበድኩ ነው።
(ጥገና ባለሙያ፣ ከቡሬ)

መልስ፦ አትበድ፣ ሁሉም መልስ አለው። ኢ61 ኬብል ነው። ካርዱ "ከማንም ጋር አልተገናኘሁም" እያለህ ነው። ጫፉን እንደገና ግጠመው። ቅደም ተከተሉን በቃልህ ያዘው፤ ነጭ-ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ-አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ-ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ-ቡናማ፣ ቡናማ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው አረንጓዴውን ከነጭ-አረንጓዴው አጠገብ አድርጎ ነው። ለዓይን ያምራል፣ ሥራ ላይ ግን ያስለቅስሃል። ፕላስቲኩ ውስጥ የኬብሉ ውጪያዊ ልባስ ጭምር ገብቶ መነከስ አለበት፤ ስምንቱ ሽቦ ብቻ ተነክሶ ከቀረ አንድ ተማሪ በእግሩ ሲጎትተው ያልቃል። ርዝመቱ ደግሞ ከ100 ሜትር አይለፍ። አይጥ ያለበት ክፍል ከሆነ፣ አለበትም፣ በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ አሳልፈው።

ኢ51 ካየህ አድራሻ የሚሰጥ ማንም አልተገኘም ማለት ነው። ኢ53 ግን የተለየ ነው፤ አድራሻ ተሰጥቶታል፣ የሚያወርደው ፋይል ስም ግን አልተነገረውም። ይህ ማለት ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው ቀድሞ መልሶለታል ማለት ነው። ሌላው ማነው? እዚያ ኔትወርክ ላይ የተሰካ የዋይፋይ ራውተር ካለ እሱ ነው። ትናንት ሠርቶ ዛሬ እምቢ የሚለውም ለዚህ ነው፤ ማን ቀድሞ እንደመለሰ ነው የሚወስነው።

እዚህ ላይ የራሴን ውርደት ልንገርህ። ከዓመታት በፊት አንድ ትምህርት ቤት ላብ ስሠራ የላቡን ስዊች ከቢሮዎቹ ስዊች ጋር በአንድ ኬብል አገናኘሁት፣ "ኋላ ይጠቅማል" ብዬ። የኔ ሰርቨር አድራሻ ማደል ጀመረ፣ ለላቡ ብቻ ሳይሆን ለግቢው ሁሉ። ቀኑ የደመወዝ ቀን ነበር። ሂሳብ ክፍል ያሉት ኮምፒውተሮች የኔን አድራሻ ወስደው ፕሪንተራቸውን አጡ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ፕሪንተሩን ሲወቅጡት፣ ቀለም ሲቀይሩ፣ እኔም አብሬያቸው ሆኜ "ምን ነካው?" ስል ነበር፤ ጥፋተኛው እኔ መሆኔን ያወቅሁት ከምሳ በኋላ ነው። ለማንም አልተናገርኩም። ኬብሉን ነቅዬ "ተስተካከለ" አልኳቸው፣ ቡናም ጋበዙኝ።

ስለዚህ ወይ ላቡን ከሌላው ኔትወርክ ለይተህ ብቻውን አቁመው፣ ወይ ራውተሩ አድራሻ ይስጥ፣ ያንተ ሰርቨር ደግሞ ዲኤንኤስማስክ በሚባለው ፕሮግራም በኩል የፋይሉን ስም ብቻ ይንገር። አዲሱ ኤልቲኤስፒ ይህን ራሱ ያዘጋጅልሃል። ለጀማሪ ግን ብቻውን ማቆሙ ይሻላል።

ጥያቄ፦ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ላባችን ቲን ክላየንት ሆኗል፣ ጽሑፍ ስንጽፍ ፈጣን ነው። ቪዲዮ ስንከፍት ግን እየተቆራረጠ ያናድዳል፣ የሌሎችም ይቆማል። ኮምፒውተሮቹ ስላረጁ ነው?
(ተማሪ፣ ከፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ ጎበዝ፣ ጥያቄሽ ደስ ብሎኛል። ሂሳብ ትወጃለሽ? አብረን እንሥራው።

ትንሽ ቪዲዮ እንውሰድ፤ ወርዱ 640 ነጥብ፣ ቁመቱ 480። ሲባዛ 307,200 ነጥብ። የእያንዳንዱ ነጥብ ቀለም በ24 ቢት ይጻፋል፣ ስለዚህ አንዱ ምስል 7,372,800 ቢት ነው። ቪዲዮ በሰከንድ 25 ምስል ያሳያል እንበል። 184 ሚሊዮን ቢት በሰከንድ መጣ። ከስዊቹ ወደ አንቺ የሚመጣው ኬብል ደግሞ፣ አሮጌ ስዊች ከሆነ፣ 100 ሚሊዮን ብቻ ነው የሚያሳልፈው። አየሽ? ያንቺ አንድ ቪዲዮ ብቻውን መንገዱን ይሞላዋል። ሰርቨሩ ራሱ በ100 መስመር ከተሰካማ ያ መስመር የሁላችሁም ነው፤ ለዚህ ነው የሌሎቹ የሚቆመው።

ጽሑፍ ስትጽፊ ግን የሚለወጠው የስክሪኑ ጥግ ብቻ ነው፣ አንዲት ፊደል። ለዚህ ነው ፈጣን የሆነው። ኮምፒውተሩ ቢያረጅም ባያረጅም ነገሩ ያው ነው። ምስሉን ጨምቀው የሚልኩ ዘዴዎች ሸክሙን ያቀሉታል፣ ነገር ግን መጭመቁ ራሱ ሰርቨሩን ያደክመዋል።

ለመምህርሽ ሦስት ነገር ንገሪ። ከሰርቨሩ ወደ ስዊቹ ያለው መስመር ጊጋቢት ይሁን፤ ይህ ብቻ ብዙ ይለውጣል። ራም ያላቸው ኮምፒውተሮች ቪዲዮውን በራሳቸው ያጫውቱ። ሁላችሁም አንድ ቪዲዮ የምታዩ ከሆነ ደግሞ በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ ይታይ፣ ለምን ሃያ ጊዜ ይላካል? ከዚህ ውጪ ኤፖፕቴስ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፤ መምህሩ የሁሉንም ስክሪን ከአንድ ቦታ ያይበታል። ይህን ለመምህርሽ መንገሩን ላንቺ ትቼዋለሁ፤ ጓደኞችሽ ላይወዱሽ ይችላሉ።

ጥያቄ፦ የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት አባል ነኝ። የመብራት ሂሳቡ ያሳስበናል፤ አሮጌ ዕቃ ብዙ ይበላል ይባላል። መብራቱ ራሱ ይመጣል ይሄዳል፣ ክረምት ላይ መብረቁም አለ። ለልጆቻችን አደጋ የለውም ወይ?
(አባት፣ ከሞጣ)

መልስ፦ ጋሼ፣ ነገሩን በምጣድ ብነግርዎ ይሻላል። ፔንቲየም 4 ሳጥን ወደ 100 ዋት፣ ያ ሆዱ ትልቅ የድሮ ሞኒተር ከ70 እስከ 100 ዋት ይበላል። ሃያው ሲደመር ሦስት ኪሎ ዋት ተኩል ገደማ ይደርሳል። የቤትዎ የኤሌክትሪክ ምጣድ ማለት ነው፣ ከማለዳ እስከ ማታ ሲጋገርበት። ሆዳሙን ሞኒተር በጠፍጣፋው ብትለውጡ ከ20 እስከ 30 ዋት ይወርዳል። ገንዘብ ካለ መጀመሪያ የሚለወጠው እሱ ነው። ሆዳሙን ስትጥሉት ግን ልጆች እንዳይሰብሩት፤ መስታወቱ ውስጥ ብዙ እርሳስ የሚባለው ብረት አለ፣ ጤና ይጎዳል። ጠፍቶ ሳለም ውስጡ አደገኛ ኤሌክትሪክ ይዞ ሊቆይ ይችላል፣ ማንም አይክፈተው።

መብራት ሲሄድ ለሃያው ሁሉ ዩፒኤስ አይገዛም። ለሰርቨሩና ለስዊቹ ብቻ ይበቃል። ልጆቹ ፊት ያለው ይጠፋል፣ ያስቀመጡት ሥራ ግን ሰርቨሩ ላይ ደኅና ነው። ያላስቀመጡት ይሄዳል፤ ስለዚህ መምህሩ በየአሥር ደቂቃው "ሴቭ!" እያለ ይጩህ።

መብረቁ ቀልድ አይደለም። ደመናው ሲከብድ ሶኬቱን መንቀል ብቻ አይበቃም፣ የኔትወርክ ኬብሉም ከስዊቹ ይነቀል፤ መብረቅ በእሱም ይገባል። ከአንዱ ሕንጻ ወደ ሌላው በአየር ላይ የተዘረጋ የመዳብ ኬብል ካለ አስነሱት። የሕንጻው የመሬት ሽቦ፣ አርዝ የሚሉት፣ በትክክል መኖሩንም ኤሌክትሪሺያን አምጥታችሁ አስመርምሩ። ሳጥኑን ሲነካ የሚነዝር ከሆነ ልጅ አይቀመጥበት።

ጥያቄ፦ አማርኛ አስተምራለሁ። ሊኑክስ ሲገባ አማርኛ መጻፍ ይቀራል ብለው አስፈራሩኝ። የድሮ የፈተና ወረቀቶቼም ሲከፈቱ የተዘበራረቀ ምልክት ናቸው።
(መምህርት፣ ከዳንግላ)

መልስ፦ መምህርት፣ አይቀርም። ፊደላችን ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚስማሙበት የፊደላት ሠንጠረዥ) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፣ ሊኑክስም ያውቀዋል። ኖቶ እና አቢሲኒካ የሚባሉት ፎንቶች ነጻ ናቸው። መጻፊያው አይባስ በሚባለው በኩል ይገባል፤ ድምፁን በላቲን ፊደል ሲጽፉ ወደ ግዕዝ ይለውጠዋል። ደስ የሚለው፣ ሰርቨሩ ላይ አንዴ ሲጫን ሃያው ላይ ሁሉ ይገኛል። ድሮ ፎንት ፍላሽ ላይ ይዘን ከኮምፒውተር ኮምፒውተር ስንዞር የነበረውን ያስታውሱታል?

የተዘበራረቁት ወረቀቶችዎ በድሮው የፓወር ግዕዝ ፎንት የተጻፉ ሳይሆኑ አይቀሩም። ያ ፎንት ከዩኒኮድ በፊት በነበረው ዘዴ ሌላ ፊደል ላይ የኛን ቅርጽ ደርቦ ነበር የሚሠራው፤ ፎንቱ ሲጠፋ ከሥሩ ያለው ይወጣል። ወይ ያንኑ ፎንት ሰርቨሩ ላይ ማስጫን ነው፣ ወይ አንድ ጊዜ ወደ ዩኒኮድ መለወጥ። ሁለተኛውን ይምረጡ።

ጥያቄ፦ ሦስት ዓመት የለፋሁበት ላብ አለ። 18 ተርሚናል ይሠራል። አሁን ዝውውር ወጥቶልኛል፣ በሁለት ወር ውስጥ ወደ ደብረ ማርቆስ እሄዳለሁ። ከሄድኩ በኋላ እንዳይሞት ምን ልተው?
(ወጣት መምህር፣ ከአዴት አካባቢ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከሁሉም ደብዳቤ ያንተ ነው ያስጨነቀኝ። ያየኋቸው የሞቱ ላቦች ብዙዎቹ ዕቃ ተበላሽቶ አልሞቱም፤ የሚያውቀው ሰው ሄዶ ነው። ፓስወርዱ አብሮት ሄደ፣ ከዚያ አንድ ቀን አንድ ነገር እምቢ አለ፣ የመጣው ባለሙያ ሰርቨሩን ፎርማት አድርጎ ዊንዶውስ ጫነበት። አለቀ።

ሁለት ወር ብዙ ነው። ዛሬውኑ ሁለት ሰው ምረጥ፣ አንዱ መምህር፣ አንዱ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ይሁን። የ12ኛ ክፍል አትምረጥ፣ እሱም ይሄዳል። እጅህን ኪስህ ውስጥ አድርገህ እነሱ ይሥሩት። ሰርቨሩን ያጥፉት፣ ያስነሱት። አንዱን ተርሚናል ከኔትወርክ ነቅለው ይመልሱት። አዲስ ተማሪ ይመዝግቡ፣ የረሳውን ፓስወርድ ይቀይሩ። ቅጂውን ዲስክ ተጠባባቂው ላይ ሰክተው ያስነሱ፤ ይህን አንተ በሌለህበት ካልሠሩት አልቻሉም ማለት ነው። ለዚህ አንድ ቀን ሆን ብለህ ቅር።

ፓስወርዱን በወረቀት ጽፈህ ፖስታ ውስጥ አሽገህ ርእሰ መምህሩ ካዝና ውስጥ አስገባ፣ በማኅተም ተረክበውህ። ሌላው ሁሉ አንድ ደረቅ ሽፋን ያለው ደብተር ላይ ይጻፍ፣ በአማርኛ፣ በእጅ። ፋይል አድርገህ አትተወው፤ ሰርቨሩ ሲሞት ፋይሉም አብሮ ይሞታል። የትኛው ኬብል የትኛው ስዊች ቀዳዳ ላይ እንደገባ ሥዕሉን ሳለው። የስህተት ቁጥሮቹንና መፍትሔያቸውን ጻፍ፤ ለቡሬው ወንድማችን የመለስኩትን ከዚህ ገልብጠው፣ ፈቅጄልሃለሁ። ስልክህንም ጻፍ፣ መቼም ደብረ ማርቆስ ከሰማይ በታች ነው።

የመጀመሪያው ገጽ ላይ ግን አንድ መስመር ብቻ ይሁን፣ በትልቁ፣ ግድግዳውም ላይ ከሶኬቱ በላይ ይለጠፍ፤ "ይህ ሶኬት የሰርቨሩ ነው፣ ስልክ ቻርጅ ለማድረግ አትንቀሉ።"